የቆረጥኩት ስም

ዜና ስታዩ፣ አንድ ሰው ሲናገር ከደረቱ በታች ስሙና ማዕረጉ ብቅ ይላል። ማን እንደሚጽፈው አስባችሁ የምታውቁ አይመስለኝም። እኔም ሥራው ውስጥ እስክገባ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ሐዋሳ ባለ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ያንን የምጽፈው እኔ ነኝ። ራሄል እባላለሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ግራፊክስ ክፍል ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። «ጣቷ ፈጣን ነው» የሚባልልኝ ነበርኩ። ዜና አንባቢዋ ማይኩን ደረቷ ላይ ከሰካች በኋላ የመጣ ስም እንኳ በሰዓቱ ይደርስልኛል። ደግሞ ነገር ሁሉ ስክሪን ላይ እንዲያምር እወዳለሁ። የምንሠራበት ሶፍትዌር ቀድመው የተዘጋጁ ቅጾች አሉት፤ ቴምፕሌት እንላቸዋለን። ሳጥኑ፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ ዓይነት ሁሉ አልቆ የተቀመጠ ነው፤ የእኔ ድርሻ ባዶው ቦታ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ችግሩ፣ ሳጥኑን የሠራው ሰው የእኛን አገር ስም አያውቀውም። ጽሑፉ ሲረዝምበት ማሽኑ ፊደሎቹን ግራና ቀኝ ጨፍልቆ ያስገባቸዋል፤ ያኔ ማን ምን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ አሳጥራለሁ። ማዕረግ አሳጥራለሁ፣ የመሥሪያ ቤት ስም አሳጥራለሁ። የአያት ስም ከመጣ ደግሞ ሳላመነታ እቆርጠዋለሁ። «አያት ለመታወቂያ ነው፤ ለቴሌቪዥን አባት ይበቃል» እያልኩ እቀልድ ነበር። ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቅልኛል።

ክረምቱ በገባ ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሪፖርተራችን ዮናስ ከመንገድ ደወለ። ጠዋት ከመናኸሪያ ተነስቶ ወደ ደቡብ የወጣ መለስተኛ አውቶብስ ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገብቷል። ዘጠኝ ሰው ሞቷል። ለሰባት ሰዓቱ ዜና አሥር ደቂቃ ሲቀረው የስም ዝርዝሩን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልን። በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ የወረቀቱ ጠርዝ በዝናብ ርሷል። ዘጠኝ መስመር፤ ስም ከነአባት ከነአያት።

የዜና አዘጋጃችን ተሾመ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ቤተሰቦቻቸው ሰምተዋል ወይ?» አለኝ።

«ዝርዝሩን ፖሊስ ነው የሰጠኝ ብሏል ዮናስ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አለና ሰዓቱን አየ። ፌስቡኩ ላይ ሃያ ሞቱ፣ ሠላሳ ሞቱ እየተባለ ነበር። «በቃ፣ ትክክለኛውን እኛ እንበል» አለ።

መተየብ ጀመርኩ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ፊደሎቹን እያጣበቀ ጨፈለቃቸው። ተሾመ ዓይኑን አጥብቦ አየና «ይሄ ይነበባል እንዴ?» አለ።

«አንዴ» አልኩት። ማንም ቁረጪ አላለኝም። ዘጠኙን አያቶች ከላይ ወደ ታች ሰረዝኳቸው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፊደሎቹ ወዲያው ተንፈስ ብለው ተዘረጉ። ዜና አንባቢዋ ዝርዝሩን ስታነብ ዘጠኙ መስመር በጥቁር መደብ ላይ አንድ በአንድ እየደመቀ ወጣ። አምሯል ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብኩት እሱን ነው። አራተኛው መስመር «ትዕግስት ማቴዎስ» ይላል።

ዜናው ካለቀ ከሩብ ሰዓት በኋላ የዜና ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ሰዉ ምሳ ወጥቷል፤ እኔ አነሳሁት።

«ቴሌቪዥን ቤት ነው?» አለኝ አንድ ወንድ። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ነው። ምን ልርዳዎት?»

«ትዕግስት ማቴዎስ ያላችኋት የማን ናት?»

«ይቅርታ፣ ስሟ…»

«ስሟንማ አየን! ትዕግስት ማቴዎስ ስንት አለ በዚህ አገር? አያቷ ማነው? የእኛዋ ላሊሞ ናት። ትዕግስት ማቴዎስ ላሊሞ። ቤታችን ቱላ ነው። ጠዋት በዚያ መንገድ እሄዳለሁ ብላ ነው የወጣችው፤ ስልኳ ዝግ ነው። እህቴ በእግዚአብሔር፣ አያቷን ንገሪኝ።»

ከኋላው የሴት ጩኸት ይሰማል። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ፣ እንዳይዘጉት» ብዬ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ፎቶውን አጎላሁት። አራተኛው መስመር፣ ሦስተኛው ስም። ዳንጊሶ።

ተመልሼ ስልኩን ሳነሳ ተቋርጧል። የቢሮው ስልክ አሮጌ ነው፤ የደዋይ ቁጥር አያሳይም። ቆሜ ጠበቅኩ። አልደወለም።

ዮናስ ጋ ደወልኩ። «መታወቂያዋን ፖሊሱ አሳይቶኛል፤ ዳንጊሶ ነው። ትዕግስት ማቴዎስ ዳንጊሶ» አለኝ። ተሾመ ከምሳ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩትና አሁኑኑ ማስተካከያ እናውጣ አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ብለን ነው የምናወጣው?» አለ። «የላሊሞ አይደለችም፣ የዳንጊሶ ናት እንበል? የዚያኛው ቤት ካልሰማ መርዶውን በቴሌቪዥን እኛ ነገርነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሠርተነዋል ራሄል፤ አይበቃም?»

«የቱላዎቹስ? በሕይወት ላለች ልጅ እያለቀሱ ነው።»

«ሰው ሄዶ መንገር አለበት።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እኔ እሄዳለሁ።»

«ሂጂ። ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ፈልገሽ ንገሪ። እኔ የሌላኛዋን ቤተሰብ ፖሊስ እንዲያገኝ አደርጋለሁ።»

ዘጠኙን ስም ከነአያቶቻቸው ወረቀት ላይ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ባጃጅ ያዝኩ። ከከተማው ዳር ያለችው ቱላ ስደርስ ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ለቅሶው ከአስፋልቱ ይሰማል። የእድሩ ሰዎች ሸራ ወጥረዋል፣ አግዳሚ ተደርድሯል። መካከል ላይ እናትየዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ሁለት ሴቶች እጇን ይዘው ፊቷን እንዳትቧጭር ይታገሏታል። አባትየው ግድግዳ ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዝም ብሎ ወደ መንገዱ ያያል።

ሽማግሌ እስክለይ ድረስ ከሸራው ጠርዝ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ቀጭን ሰው ነበሩ። አንገታቸው ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ከሥራቸው ተነስተው ሲመጡ የረሱት ይመስላል። ዓይናቸው ቀልቷል። ብቻዬን መቀመጤን አይተው ጠጋ አሉልኝ።

«ጓደኛዋ ነሽ ልጄ?»

«አይደለሁም» አልኩ።

«እኔም ዘመድ አይደለሁም። የመጣሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ከሚባለው ሰፈር ነው፤ እዚያ ልብስ እሰፋለሁ። ይቺ የሞተችው ልጅ የልጄ ሞክሼ ናት። ትዕግስት ትባላለች የእኔም ልጅ። ሲገርም ደግሞ እኔም ማቴዎስ ነኝ።» እንባቸው እየወረደ ፈገግ አሉ። «ቴሌቪዥኑ ላይ ስሟን ሳየው ሞቼ ነበር። የእኔዋም ጠዋት በዚያው መንገድ ነው የሄደችው፤ ጤና ጣቢያ ተመድባ ሥራ ልትጀምር። እናቷ ትንሽ ሆና ነው የሞተችብን፤ አንድ ለእናቱ ናት። ደወልኩ፣ አይሠራም። እየሮጥኩ መናኸሪያ ሄድኩ። እዚያ ነው የነገሩኝ፤ ‹የሞተችው የቱላዋ ናት፣ ወንድሟ አሁን እዚህ አልቅሶ ሄደ› አሉኝ። የልጄ ስልክማ ኔትወርክ የለም እዚያ በኩል።»

ቦርሳዬን ወደ ራሴ ጠጋ አደረግሁ።

«ሱቄ ተመልሼ የጀመርኩትን እጅጌ ጨረስኩ» አሉ። «ከዚያ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። የእኔ ልጅ ተርፋ፣ የስሟ ተካፋይ ስትሞት፣ አባቷን ሳላጽናና እንዴት እውላለሁ ብዬ መጣሁ።»

ልጠይቃቸው አልፈለግኩም። አንደበቴ ግን ቀደመኝ።

«የእርስዎ አባት ማን ይባላሉ፣ አባባ?»

«አባቴ? ዳንጊሶ ነዋ። ለምን ልጄ?»

«እንዲያው ነው» አልኩ።

እንዲያው አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ይህን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፍቼ «ልጃችሁ አይደለችም» ብዬ ብጮህ ያቺ መሬት ላይ ያለች እናት ትነሳለች፤ አጠገቤ ያሉት ሰው ደግሞ ይወድቃሉ። ዝም ብል እሷ ራሷን ልታጠፋ ነው። ሰውየው መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ። የእኔን እንባ እንድጠርግ።

ተነስቼ ሰው ወደሚያስተናግዱት ሽማግሌ ሄድኩ። አቶ በራሳ ይባላሉ፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ከቤቱ ጓሮ ወስጄ ወረቀቱን እያሳየሁ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«የማቴዎስ ላሊሞ ልጅ አለች ነው የምትዪኝ?»

«የሞተችው እሷ አይደለችም። የት እንዳለች ግን አላውቅም።»

«ያ ልብስ ሰፊ…»

«አዎ፤ የሟቿ አባት እሳቸው ናቸው።»

«አያውቅም?»

«አያውቁም።»

አቶ በራሳ ግንባራቸውን ያዙ። «አሁን ብናገር እዚህ ቤት እልልታ ይፈነዳል። በዚያ እልልታ መካከል ነው ያ ሰው የልጁን ሞት የሚሰማው። እንዲህ ያለ መርዶ ሰምቼም አላውቅ።»

«እናትየዋስ አባባ? ልትሞት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። አምስት ደቂቃ ብቻ። ሁለት ሰው ሰበብ ፈልጎ ልብስ ሰፊውን ይሸኘው። ዘመድ ጎረቤቱ ይሰብሰብለትና ነገ ማለዳ እንደ ወጉ ይነገረው። እሱ ከአጥር እንደወጣ ለእሷ እነግራታለሁ።»

ደግ ሐሳብ ነበር። ሁለት ጎልማሶች ተጠርተው በጆሯቸው ተነገራቸው። ሄደው ልብስ ሰፊውን «ወደ ከተማ እየተመለስን ነው፣ አብረን እንሂድ» አሏቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ተነሱና የቱላውን አባት ሊሰናበቱ ጠጋ ብለው ትከሻውን አቀፉት። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ ማቴዎስ» ሲሉት ይሰማኛል።

ያኔ ነው አንዲት ባጃጅ በሩ ላይ የቆመችው።

አንዲት ልጅ ወረደች። ጀርባዋ ላይ ቦርሳ አዝላለች፣ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። ሸራውን፣ አግዳሚውን፣ ሰዉን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማነው የሞተው?» አለች።

ውኃ የያዘች አንዲት ሴት ጆጉ ከእጇ ወደቀ። እናትየዋ ከመሬት ቀና አለች። ያኔ ከእሷ የወጣውን ድምፅ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ልቅሶም እልልታም አልነበረም። ተንፏቃ ደርሳ የልጇን እግር ያዘች፣ ጉልበቷን ያዘች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ደባበሰች። ልጅቷ ግራ ገብቷት ታለቅሳለች። «ትኬት አልቆ እኮ ቀረሁ እማ! ጓደኛዬ ቤት ነው የዋልኩት! ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው እማዬ!» ትላለች። ሰዉ ሁሉ ዘለለ። አንዱ መዝሙር ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ።

ልብስ ሰፊውም ዘለሉ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» እያሉ የቱላውን ማቴዎስ አቅፈው አወዛወዙት። «ልጅህ መጣች! ማቴዎስ፣ ልጅህ መጣች!»

ከዚያ ቆሙ። እጃቸው ከሰውየው ትከሻ ላይ ሳይወርድ ቀረ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። ዞረው ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ልጄ» አሉኝ። «ቅድም የአባቴን ስም ለምን ጠየቅሽኝ?»

አቶ በራሳ መካከል ገቡ። «ማቴዎስ ወንድሜ፣ ና እስቲ ቁጭ በል።»

«ልጅቷ ትናገር። የያዝሽው ወረቀት ምንድነው? የሟቾቹ ስም ነው? አያቷን ማን ይላል?»

አቶ በራሳን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ። መዝሙሩ ቆሟል፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል።

«ዳንጊሶ ይላል» አልኩ።

አልጮሁም። እርጥቡ መሬት ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን እንደ ሕፃን አቀፉ። «ሰባት ሰዓት ላይ አውቄው ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ስሟን ሳይ አውቄው ነበር። ከዚያ ተውኩት።»

ያቺ እናት፣ ልጇን ካገኘች ሦስት ደቂቃ ያልሞላት፣ ልጇን ለቀቀቻት። መጥታ ከሰውየው ጎን ጭቃው ላይ ተቀመጠችና እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች። አሁን ለሌላዋ ትዕግስት። የጠፋ ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ተከትሏት አለቀሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የቱላ እድርተኞች ሸራውን ነቅለው፣ አግዳሚውን መኪና ላይ ጭነው አዲስ ከተማ እሳቸው ደጅ ላይ ተከሉት። በማግስቱ ልጃቸውን ስንቀብር የቱላዋ ትዕግስት ክንዳቸውን ይዛ ነበር የምትሄደው። እኔ ከሰዉ ኋላ ነበርኩ።

ይህ ከሆነ በኋላ ሥራ ልለቅ ነበር፤ ተሾመ ከለከለኝ። «ሌላ ሰው መጥቶ እንደገና እስኪቆርጥ?» አለኝ። አዲስ ቴምፕሌት ሠራሁ። ለሦስት ስም የሚበቃ ነው፤ ካልበቃ ወደ ሁለት መስመር ይወርዳል እንጂ ማንንም አይጨፈልቅም። ጣቢያችንም ቤተሰብ መስማቱ ሳይረጋገጥ የሟች ስም አያወጣም። የሚያምር ነገር አይደለም፤ ሁለት መስመሩ ስክሪኑን ያጨናንቀዋል። ይሁን። ፍጥነቴም ድሮ እንደነበረው አይደለም። እያንዳንዱን ስም ከመልቀቄ በፊት ድምፄን አውጥቼ አነበዋለሁ፤ አዲስ የመጡት ልጆች ይስቁብኛል።

እናንተም ብትሆኑ፣ ዛሬ ሁላችሁም እጅ ላይ ስልክ አለ፤ ሁላችሁም እንደ እኔ ስም ታወጣላችሁ። የአደጋ ዜና ሲደርሳችሁ፣ የሟች ስም ለሰው ከመላካችሁ በፊት፣ ያ ስም የሚያንኳኳው የማንን በር እንደሆነ አስቡ። መርዶ ድሮ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገረው አያቶቻችን ሥራ ፈትተው አልነበረም።

ከወር በኋላ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር። ያዘጋጀሁትን ሁሉ እስክናገር ድረስ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሰሙኝ።

«ልጄን የገደላት አደጋው ነው፤ አንቺ አይደለሽም» አሉ። «ይቅር ብዬሻለሁ፤ እሱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። መናኸሪያ ‹የቱላዋ ናት› ሲሉኝ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ሳቅሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ተመልሼ እዚህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ለነበረው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። የሰው ልጅ ሞታለች እየተባለ እኔ ሻይ ጋበዝኩ። ትዕግስቴ ወንዝ ዳር ተኝታ።»

መቀሳቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«አንቺ እኔን ይቅርታ ጠየቅሽኝ» አሉ። «እኔስ ያንን ማንን ልጠይቅ?»

መኪናቸውን መልሰው አስነሱ። እኔም በሩ ላይ ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሱቁን እስኪዘጉ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ያቺ የቱላዋ ልጅም ትመጣለች። ጥያቄያቸውን ግን እስከ ዛሬ ሁለታችንም አልመለስንላቸውም።